የጓሳ ጉዟችንና የእኔ ጥርስ

በዚህ ሳምንት የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ሰው ለማስተማር ሄጄ ራሴ የተማርኩበት ነው። ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 21 ዓመት ነው። ባለፈው ክረምት ፊደል ለማስተማር ወደ መንዝ ሄድኩ። መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ገብስ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በክፍሌ 23 ጎልማሶች ነበሩ። ቀን በሥራ ውለው ማታ ማታ ይማሩ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም ስማቸውን ይጽፉ ነበር። አጫጭር ጽሑፍም ያነቡ ነበር።

አንድ ማታ የክፍላችን አለቃ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«መምህር፣ ትምህርቱ እያለቀ ነው። አንድ ቀን አብረን ወጣ እንበል። ጓሳን አይተን እንመለስ።»

ሁሉም «ይሁን! ይሁን!» አሉ።

ጓሳ የሣር ስም ነው። ቦታውም በሣሩ ስም ይጠራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ተራራማ አገር ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል። ገመድም ይገምድበታል። በዚያ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራል። በሌላ አገር የሌለው ቀይ ቀበሮም ይገኛል።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የኖረው ስለተጠበቀ ነው። የቀድሞ ሰዎች ቄሮ የሚባል ደንብ ነበራቸው። ቦታውን ለዓመታት ይዘጉታል። ያን ጊዜ ማንም አያጭድም፤ ከብትም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በደንቡ ይከፈታል። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የድሮው ደንብ ፈረሰ። ቦታውም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ አቁሞ፣ አዲስ ደንብ አወጣና መጠበቁን ቀጠለ።

በክፍላችን አንዲት ትልቅ እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ከዚያ ሣር እያመጣ ይህን ቤት ከድኖልኛል። እኔ ግን ቦታውን አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁትም። አሁን ጉልበቴ ሳይደክም ባየው ደስ ይለኛል።»

ስለዚህ ለመሄድ ወሰንን።

ጉዞውን በጽሑፍ ማቀድ

የብዙ ሰው ጉዞ በአፍ ብቻ አይታቀድም። በአፍ የተነገረ ይረሳል። «እኔ መስሎኝ እኮ አንተ የምታመጣው» ይባላል። እኛ ግን አሁን መጻፍ እንችላለን። ስለዚህ ዕቅዱን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። እያንዳንዱም በደብተሩ ገለበጠው። እንዲህ ይላል፦

1. የሚሄዱ ሰዎች ስም።
2. የምንነሣበትና የምንመለስበት ሰዓት።
3. ውኃና ስንቅ።
4. ልብስና ጫማ።
5. ከፊት የሚመራ፣ ከኋላ የሚጠብቅ ሰው።
6. የት እንደሄድን የሚያውቅ ሰው።
7. ችግር ቢመጣ የምናደርገው።

ስም ስንጽፍ 19 ሰዎች ሆንን። ስም መጻፍ ለምን ይጠቅማል? መንገድ ላይ ለመቁጠር ይጠቅማል። 19 ሆኖ የወጣ 19 ሆኖ መመለስ አለበት።

ቀኑ ከመስቀል በኋላ ያለው ቅዳሜ ሆነ። መንገዱ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተን 3 ሰዓት ላይ እንደርሳለን። 7 ሰዓት ላይ ደግሞ መመለስ እንጀምራለን። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤታችን እንገባለን።

ውኃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ እንዲሆን ተስማማን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በደጋ አገር ውኃ ቶሎ ይፈላል። ነገር ግን የፈላው ውኃ ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ በእሳቱ ላይ ይቆይ።

ስንቁ ቆሎ፣ ዳቦና በሶ ሆነ። ሁሉም ጋቢ ወይም ካፖርት እንዲይዝ ተባለ። ከፊት መንገዱን የሚያውቅ አንድ አባት ይመራል። ከኋላ የክፍሉ አለቃ ይሄዳል። ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም። አካሄዳችን በጎበዙ ሳይሆን በደካማው ሰው እግር ይለካል።

በሰባተኛው ቁጥር ሥር ሁለት ነገር ጻፍን። አንደኛ፣ የታመመ ሰው ብቻውን አይመለስም። ሁለተኛ፣ ጉም ከወረደ ሁላችንም እንመለሳለን። በጓሳ ጉም ሲወርድ ሰው አጠገቡ ያለውን አያይምና።

ዕቅዱ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። የጎደለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

የደበቅኩት ጥርስ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጥርስ አስተምሬ ነበር። በሰሌዳው ላይ ጥርስ ሥዬ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጥርስን የሚበላ ትል አለ ይባላል። ትል የለም። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ስኳርና ጣፋጭ ነገር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ። አሲድ ማለት እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነገር ነው። ያ አሲድ የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መጀመሪያ ላይ አያምም። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይጠዘጥዛል። ከዚያ ወደ ሥሩ ይወርዳል። መግል ይቋጥራል።»

ይህን ሁሉ ስናገር ከኋላ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ጉድጓድ ነበረው። ከተቦረቦረ ዓመት አልፎታል። ሲያመኝ የሕመም ማስታገሻ እውጥ ነበር። ሲተወኝ እረሳዋለሁ።

ለምን ወደ ሐኪም አልሄድኩም? እውነቱን ልናገር። አፍሬ ነው። ያደግኩት በስምጥ ሸለቆ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ልጅ ጥርሱ ሳያልቅ እያደገ ያን ውኃ ከጠጣ ጥርሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። የእኔም ጥርስ እንዲህ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ በመፋቅም አይለቅም። ሰው ግን «ጥርሱን አይታጠብም» ይላል። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ለሐኪም አፍ መክፈት ሞት መስሎ ታየኝ። አንድ ጊዜ ጥርሴን ነጭ ላደርግ ብዬ በአሸዋ ፈግፍጌው ነበር። ነጠብጣቡ አልለቀቀም። ድዴ ብቻ ደማ። እናንተ በአሸዋም በከሰልም እንዳትፈገፍጉ። ልባሱን ይጨርሰዋል።

በመንገድ ላይ

ቅዳሜ በንጋቱ ተነሣን። በሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነበር። አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል። እማማ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ጎረምሶቹ «እማማ፣ ይጠብቁን እንጂ!» እያሉ ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም። ብርዱ ነፋስ አፌ ሲገባ ጥርሴን ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን አንድ ጅረት ዳር አረፍን። ሊደረስ የቀረው የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ስንቅ ተፈታ። አንዲት እናት እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ። አላምጬ ሳልጨርስ «ቀጭ» አለ። የተቦረቦረው ጥርሴ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ሕመሙን እንዴት ልንገራችሁ? ጆሮዬን፣ ዓይኔን፣ አንገቴን በአንድ ጊዜ ወጋኝ። ሣሩ ላይ ተኛሁ። ሰዎቹ ከበቡኝ። አንዱ «ትምባሆ ያዝበት» አለ። ሌላው «አረቄ ይሻላል» አለ። ሁለቱም አይረዱም። አስፕሪን ጥርስ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ። እሱም ድድ ያቃጥላል። እማማ ከዳቦው ጋር ከመጣው ጨው በውኃ በጥብጠው «ተጉመጥመጥና ትፋው ልጄ» አሉኝ። ያ ትንሽ አበረደልኝ።

እንዲህ ስንሆን አንድ ሰዓት አለፈ። ቀና ስንል ከላይ ጉም እየወረደ ነው። የክፍሉ አለቃ ደብተሩን አወጣና ሰባተኛውን ቁጥር አነበበ። «ጉም ከወረደ ሁላችንም እንመለሳለን» ይላል። ማንም አልተከራከረም። እማማ ወደ ዳገቱ አንድ ጊዜ አዩ። ነጠላቸውን አጣፉና ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። ያን አየሁ። ከጥርሴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

እሑድ ጠዋት ጉንጬ አብጦ ነበር። ሰኞ ትኩሳት ያዘኝ። አፌን አልከፍት አለኝ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። የክፍሌ ሰዎች በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ አደረሱኝ። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያም ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። ሐኪሙ አፌን ሲያይ ስለ ቡናማው ነጠብጣብ አንድ ቃል አልተናገረም። «ይህ የውኃው ነው፤ ብዙ ሰው አለው» ብሎ አለፈው። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ስለ እብጠቱ ግን ተቆጣኝ።

«ሰው በጥርስ ይሞታል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ይሞታል እንጂ» አለኝ። «መግሉ ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻ ይዘጋል። ጀርሙ ደም ውስጥም ይገባል። በጊዜው ብትመጣ ይህ ጥርስ ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ይነቀላል።»

ተነቀለ። መድኃኒት ታዘዘልኝ። ስድስት ቀን ሳላስተምር ቀረሁ።

እማማ የተናገሩት

ስመለስ በክፍሉ ፊት ቆምኩ። ሁሉን ነገር ተናገርኩ። ከዚያ ወደ እማማ ዞርኩና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኔ ምክንያት ጓሳን ሳያዩ ቀሩ» አልኳቸው።

እማማ ሳቁ። «ጓሳ የት ይሄዳል ልጄ? ጓሳማ ጠባቂ አለው። ጠባቂ ያጣው ያንተ ጥርስ ነው» አሉኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። አፌን በእጄ አልሸፈንኩም።

ቀጥሎ እማማ ዞር ብለው «ለመሆኑ ከእናንተስ ጥርሱን ወይም ድዱን የሚያመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ስንቆጥር 11 ሆኑ። እነዚህ ሁሉ በዚያ ቅዳሜ ዝም ብለው ዳገት የወጡ ናቸው።

አንዲት ነፍሰ ጡር «ስፋቅ ድዴ ይደማል፤ ስለዚህ መፋቅ ተውኩ» አለች። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ድድ የሚደማው ብዙ ጊዜ በጥርሱ ሥር ቆሻሻ ስለሚጋገር ነው። ቆሻሻው ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ከጥርሱ ይሸሻል። በመጨረሻ ጤነኛ የሚመስል ጥርስ ተነቃንቆ ይወድቃል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ድድ ቶሎ ይቆጣል። መፍትሔው መፋቅ መተው ሳይሆን በለስላሳው፣ በየቀኑ መፋቅ ነው። በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የእማማን ጥርስ ብታዩት ሙሉ ነው። ምስጢሩን ጠየቅናቸው። «ምን ምስጢር አለው? መፋቂያዬ ከእጄ አይጠፋም። ስኳርም በልጅነታችን የት ነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ በከተማ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ እየለመድኩ አደግኩ። ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር እጠጣ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የተስማማንበት ይህ ነው፦

ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ይጸዳል። ጠዋትና ማታ። የማታው አይቀርም፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጀርሙ ይበረታል። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ መፋቂያ ጥሩ ነው። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማላላት ነው። የላይኛውን ጥርስ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ መፋቅ ነው። የውስጡና የኋለኛው ጥርስ አይረሳ። ጫፉ ሲያረጅ ተቆርጦ አዲስ ይበጃል። መፋቂያና ብሩሽ ለሌላ ሰው አይዋስም።

የሚችል ሰው ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ይግዛ። «ፍሎራይድ ጥርስህን አበላሸው አላልክም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ መጠኑ ነው። ከልክ በላይ በውኃ ሲጠጣ ያበላሻል። ጥቂቱ በሳሙና ሲነካው ግን ልባሱን ያጠነክራል። ሳሙናው አይዋጥም፤ ይተፋል። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

የሕፃናትም ጥርስ ይጠበቅ። የወተት ጥርስ 20 ነው። «ይወድቃል» ተብሎ አይተው። የሕፃን ድድ ሲያብጥ «ግግ ነው» እያሉ በስለት መቧጠጥ ግን አደገኛ ነው። ደም ያፈስሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከሥር ያለውንም የወደፊት ጥርስ ያበላሻል።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ጨውና ውኃ አይበቃም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት መዋጥም አይገባም።

ሁለተኛው ዝርዝር

ከ11ዱ ዘጠኙ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሁለቱ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ጥቅምት ገባ። ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁለተኛውን ጉዞ አቀድን።

ያንኑ ዝርዝር እንደገና ጻፍነው። በመያዣው ላይ ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ተጨመረ። ሰው ወድቆ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ የሚደረገውንም ጻፍን፦ ጥርሱን በሥሩ አለመያዝ፣ ከቆሸሸ በጥቂት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ፣ በቦታው መልሶ መትከል። ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ይህ ግን ለወተት ጥርስ አይሆንም።

ስምንተኛውን ቁጥር ለመጻፍ እማማ ራሳቸው ወደ ሰሌዳው ወጡ። ጠመኔውን ያዙ። ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እየጠሩ ጻፉ፦

8. ጥርስ የሚያመው አለ? አይደበቅ።

በዚያ ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ከአናቱ ደረስን። ሣሩ በነፋስ እንደ ገብስ ማሳ ይታጠፋል። ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። እማማ አንዱን የጓሳ ጉቶ በእጃቸው ዳሰሱት። አልነቀሉም። ብዙ ቆሙ። ማንም አላቻኮላቸውም። በመጨረሻ «ይኸው ነው ለካ» አሉ።

ስንመለስ ስም ጠራን። 19 ነበርን፤ 19 ገባን። ማታ እማማ ደብተራቸውን አሳዩኝ። ከዝርዝሩ ግርጌ «ጓሳን አየሁ» ብለው ጽፈውበታል።

እኔ ዛሬ አንድ ጥርስ ጎድሎኛል። ሰው ሲያናግረኝ ግን አፌን አልሸፍንም። በየማታውም ሳልፍቅ አልተኛም። እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ወደ ቤት ሂዱና ቤተሰባችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ጥርሱን የሚያመው አለ?»

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው ዕቅድ ምን ጎደለው?
2. መምህሩ ጥርሱን ለምን ደበቀ? እናንተስ የደበቃችሁት ሕመም አለ?
3. ድድ ሲደማ ምን ይደረጋል?
4. ለሚቀጥለው የጋራ ጉዟችሁ፣ ለገበያም ይሁን ለንግሥ፣ የራሳችሁን ዝርዝር ጻፉ።